ፋይበሩ ሲቆረጥ ስታቲክ ራውቱ (በእጅ የተሰጠው የፓኬት መንገድ) አይወገድም፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣

ቢሯችን በአንድ የሲስኮ ራውተር ላይ ሁለት መስመር አለው፤ ዋናው ፋይበር፣ መጠባበቂያው ፎርጂ። ለሁለቱም ዲፎልት ስታቲክ ራውት (ሌላ መንገድ የሌለው ፓኬት የሚሄድበት) ሰጥቼ የመጠባበቂያውን አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (ያነሰው የሚመረጥበት የቅድሚያ ቁጥር) 10 አድርጌዋለሁ፤ የዋናው ያው 1 ነው። ችግሩ ፋይበሩ ራቅ ብሎ ሲቆረጥ ነው። ሚዲያ ኮንቨርተሩ (ፋይበሩን ወደ ራውተሩ ገመድ የሚቀይረው ሳጥን) እስከሠራ ድረስ ኢንተርፌሱ (የራውተሩ ወደብ) "አፕ" ይላል፣ ራውተሩም ፓኬቱን ዝም ብሎ ወደ ገደል ይልካል። (መብራት ሲጠፋ ይሻለናል፤ ራውተሩ ዩፒኤስ ስላለው ኮንቨርተሩ ብቻ ይጠፋና ራውቱ በራሱ ይወገዳል!)

ስለዚህ በአይፒ ኤስኤልኤ (ራውተሩ መስመርን በራሱ በሚፈትሽበት መሣሪያ) የጉግልን 8.8.8.8 በየ5 ሴኮንዱ ፒንግ እያደረግሁ ራውቱን ከትራክ (ፒንጉ ሲከሽፍ ራውቱን ከሚያስወግደው መቆጣጠሪያ) ጋር አሰርኩት። ያኔ ሌላ ጉድ መጣ፦ ወደ ፎርጂ ስንዞር ፒንጉም በፎርጂ በኩል ይሳካል፣ ትራኩ ፋይበሩ የተመለሰ ይመስለዋል፣ ወደ ሞተው መስመር ይመልሰናል፣ እንደገና ይወድቃል። ለ8.8.8.8 ብቻ በፋይበሩ በኩል የሚሄድ የ/32 ራውት ስጨምር ይህ ቆመ። አሁን ግን ፋይበሩ በጠፋ ቁጥር 8.8.8.8ን ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ ለመቀየር) የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች ሁሉ ድረ ገጽ መክፈት ያቅታቸዋል።

እናንተ ለፒንግ የትኛውን አድራሻ ትመርጣላችሁ? የአቅራቢው ጌትዌይ በጣም ቅርብ ስለሆነ ከሱ ወዲያ ያለውን ብልሽት አያሳየኝም። ሁለት አድራሻ በ"ኦር" (አንዱ ከመለሰ መስመሩ ደህና ነው በሚል) ማጣመሩስ ያዋጣል?

ሌላው፣ መስመሩ ሲቀየር የድሮው የናት (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ የሚቀይረው) ግቤት ስለማይጸዳ የአይፒ ስልኮቹ አይመዘገቡም። በኢኢኤም (ራውተሩ ትእዛዝን በራሱ እንዲፈጽም በሚያደርገው የሲስኮ መሣሪያ) እንዲጸዳ ያደረገ ካለ እባካችሁ አጻጻፉን አካፍሉኝ።