መለኪያው 47 ይላል፣ አባቴ «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

ልጅየው፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! አሁን የአባቴን ስኳር ለካሁ፣ 47። ደገምኩት፣ 51። ላብ የለም፣ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን እያዩ ነው። ድሮ 65 ሲደርስ ገና ላብ ያጠምቃቸው ነበር። ማሽኑ ነው አይደል? እንዴት ነው የሚስተካከለው?

ሳቂታው፦
ባትሪ ቀይር 😀

ቁም_ነገር፦
ማሽኑን ተወውና መጀመሪያ ስኳር ስጣቸው። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጥ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ለስላሳ፤ ዳይት የሚባለው አይሆንም። 15 ግራም ገደማ ማለት ነው። ቸኮሌትም አይሆንም፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። ሰዓት ያዝ፣ በ15 ደቂቃ ለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ድገም። መዋጥ ካቃታቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም እንዳታስገባ። በጎን አስተኛቸው፣ አምቡላንስ ጥራ፣ ግሉካጎን (ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ሆርሞን) ቤት ውስጥ ካለ 1 ሚሊ ግራም ጡንቻ ላይ ይወጋ።

ልጅየው፦
ደህና ናቸው እኮ! በማሽን ስህተት ስኳር ሰጥቼ 300 ቢገባስ?

ሚዛን፦
15 ግራም 300 አያስገባም፣ ብዙውን ጊዜ 50 ገደማ ቢጨምር ነው። የ2013ቱ የመለኪያዎች ደረጃ (አይ ኤስ ኦ 15197) ስኳር ከ100 በታች ሲሆን ከመቶ ልኬት 95ቱ ከላቦራቶሪው ውጤት ከ15 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በላይ እንዳይርቁ ይጠይቃል። 47 ላይ 15 ጨምርበት፣ 62። እሱም ዝቅተኛ ነው። ጣት ላይ የቀረ ስኳር ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያወርደውም። ሁለቴ ተቀራራቢ መጥቶልህ ማሽኑን አትማ።

መምህሬ፦
መለኪያህ ጤነኛ ነው። የተኛው የአንጎላቸው ደወል ነው።
አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ሆኖ ከኃይሉ 20 ከመቶ ያህል ይበላል፤ ጎተራ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዘበኛ አቁሟል። በሃይፖታላመስ (ከአንጎል ሥር ያለ ትንሽ ክፍል) እና በአንጎል ግንድ ውስጥ ግሉኮስ የሚቀምሱ የነርቭ ሴሎች አሉ፣ ሁለት ዓይነት። አንደኞቹ ስኳር ሲኖር ነው የሚጮኹት፦ ግሉኮስ ሲቃጠል ኤቲፒ (የሴሉ ነዳጅ) ይበዛል፣ ኤቲፒ የፖታሲየሙን በር ይዘጋል፣ ሴሉ ይነቃል። ስኳር ሲወርድ በሩ ተከፍቶ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሴሉ ዝም ይላል። (ኢንሱሊን የሚያመነጨው የቆሽት ቤታ ሴልም በዚሁ ዓይነት በር ነው የሚሠራው፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር በሽታ ኪኒን የሚዘጋው ያንን በር ነው።) ሁለተኞቹ ተቃራኒ ናቸው፦ ስኳር ሲጎድል ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይም ይነሳል፣ የክሎራይድ በር ይዘጋል፣ መጮኽ ይጀምራሉ። ጩኸቱ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ አድሬናሊን ያስረጫል። ላቡና መንቀጥቀጡ ከዚህ የነርቭ ጩኸት ነው የሚመጣው።
በጤነኛ ሰው 80 አካባቢ ላይ ቆሽት ኢንሱሊኑን ይቀንሳል፣ ከ65 እስከ 70 ግሉካጎንና አድሬናሊን ይወጣሉ፣ 55 አካባቢ ላብና መንቀጥቀጥ ይሰማል፣ ከ50 በታች ማሰብ ይዛባል። ስኳር ደጋግሞ ሲወርድ ግን ደወሉ የሚደወልበት ቁጥር ወደ ታች ይንሸራተታል። ማሰቢያው ቀድሞ ይጠፋና ደወሉ በኋላ ይደርሳል። «ደህና ነኝ» ማለታቸው ራሱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት? ሰሞኑንስ ስንቴ ወርዷል?

ሳቂታው፦
ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል እንዴ? የሰው አባት 47 ላይ ናቸው!

ቁም_ነገር፦
ስኳሩን ስጥ። ከዚያ ትማራለህ።

ልጅየው፦
ሰጠሁ። በ15 ደቂቃው 63 ሆነ። ድጋሚ እየሰጠሁ ነው። ጠዋትና ማታ 70/30 የሚባለውን ድብልቅ ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የደም ግፊትና የልብ ኪኒንም ይውጣሉ። ባለፉት 2 ሳምንታት 4 ጊዜ ከ60 በታች ነበር፤ ስላልተሰማቸው ማሽኑ ነው ብለን ተውነው። ቅድም ያለ ነገር ተቆጥተውኝ ነበር፣ አሁን ረገብ ብለዋል።

ተሟጋች፦
ይኸው! ፕሮፕራኖሎል ነው። አንጎል ውስጥ ምን አስገባችሁ?

መምህሬ፦
ግማሹ ልክ ነው። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይደብቃል፣ ላቡን ግን አይደብቅም፤ የላብ ዕጢን የሚያዝዘው ነርቭ የሚሠራው በአሴቲልኮሊን ነው። ላቡም ከጠፋ መልእክቱ ከላይ አልተላከም። በ2 ሳምንት 4 ጊዜ መውረድ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ኪኒኑን ግን በድንገት እንዳታስቆም፣ ልብ ላይ አደጋ አለው።

ልጅየው፦
ታዲያ ደወሉ ይመለሳል?

የሌሊት_ተረኛ፦
ብዙ ጊዜ ይመለሳል ወንድሜ፣ ቢያንስ በከፊል። ስኳሩ ከ70 በታች ሳይወርድ 2 ወይም 3 ሳምንት መቆየት አለበት። አንድ ቀን መውረዱ ብቻ የሚቀጥለውን ቀን ደወል ያደክማል።
ዛሬ፦ ከ70 ካለፈና ምግብ ከ1 ሰዓት በላይ ከራቀ ዳቦ ቢጤ ይብሉ። የሚቀጥለውን መርፌ በራስህ አትዝለል፣ በድሮው መጠንም አትውጋ፤ ከመርፌው በፊት ሐኪማቸው ጋ ደውል። 4ቱን ቁጥሮች ከሰዓቱ፣ ከመርፌው መጠንና ከተበላው ጋር ጽፈህ ያዝ፤ መጠኑ የሚቀነሰው ያንን አይቶ ነው። ስለ ፕሮፕራኖሎሉም ለሐኪሙ ንገረው።
ከ70/30 ውስጥ 70 ከመቶው ዘገምተኛው ኢንሱሊን ስለሆነ የማታው መርፌ ሌሊት ይበረታል። እንቅልፍ ደግሞ አድሬናሊኑን ያዳክመዋል። ስለዚህ ከመኝታ በፊትና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለካ። አልኮል ካለ ይቅር፣ ጉበት አዲስ ግሉኮስ እንዳይሠራ ያግደዋል። መኪና የሚነዱ ከሆነ ይህ እስኪስተካከል ቁልፉን አንተ ያዝ።

ሳቂታው፦
ባትሪውን ግን ቀየርክ?

ቁም_ነገር፦
ሁለተኛው 15 ደቂቃ አልፏል። ስንት አለ?