«የምርጫ ክልል» ስንል የትኛው ክልል ነው?

ሆሄ፦
ሰላም ቤተሰብ። የእህቴ ልጅ ስለ መርካቶ የምርጫ ታሪክ ጻፊ ተብላ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ላግዛት ብዬ ገባሁበት፣ አሁን ከእሷ በላይ የተያዝኩት እኔ ነኝ። ገና የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምን። «መርካቶ ያለበት የምርጫ ክልል» ብዬ ሳስጽፋት «አዲስ አበባ ክልል አይደለችም እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ታዲያ ይሄ ክልል የትኛው ክልል ነው? «የምርጫ ወረዳ» ብንለው ይሻል ይሆን?

የመርካቶ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ክልልን አትተወው። ሥሩ «ከለለ» ነው። ጋረደ፣ አጠረ፣ ዙሪያውን ያዘ ማለት ነው። ፊቴ ቆመህ እንዳላይ ስታደርገኝ «ከለልከኝ» እልሃለሁ። ስለዚህ ክልል ማለት ዙሪያው ተለይቶ የታወቀ ቦታ ነው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ። የኳስ ጋዜጠኛው «ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ወደቀ!» ሲል ማን ግራ ይጋባል? ግራ የተጋባነው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ክፍለ ሀገር ቀርቶ ክልል ሲመጣ ቃሉ የአስተዳደር ስም ሆኖ ቀረ። ለልጅቷ ደግሞ ይህን ንገራት፦ አዲስ አበባ ራሷ ለጥቂት ዓመታት «ክልል 14» ተብላለች።

ወረዳ ካልክ ግን ትሳሳታለህ። አዲስ አበባ ድሮ 28 ወረዳ ነበራት። በፓርላማ ያላት መቀመጫ ግን 23 ነው። ወረዳው የአስተዳደር ነው። የምርጫ ክልሉ ደግሞ ድምፅ የሚደመርበት አጥር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 54 ላይ «የምርጫ ክልል» ነው የሚለው።

እዚያው አንቀጽ ላይ «አብላጫ ድምፅ» የሚለውንም አስተውሉ። ብዙ ሰው ከግማሽ በላይ ይመስለዋል። አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል 100 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ 40 አገኘ፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25። ባለ 40ው ፓርላማ ይገባል። 60 ሰው ሌላ ሰው ፈልጎ ነበር፣ የሚቆጠረው ግን ከሌሎቹ መብለጡ ነው። የማንኛውንም የምርጫ ክልል ታሪክ ስታነብ ይህን ካልያዝክ ውጤቱ አይገባህም።

መምህር (ጡረተኛዋ)፦
ልጆቼ፣ ከክልሉ በፊት ከክልሉ የሚወጣውን ሰው ስም እንይ። ጋዜጦች «የሕዝብ እንደራሴ» ይላሉ። እንደ ራሴ ማለት ነው። እኔ ብሆን የማደርገውን የሚያደርግ፣ እኔን ሆኖ የሚቆም። ግን ይህ ቃል ሲጀመር የሕዝብ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሲባሉ «ራሴ» የሚለው ማንን ነበር? ዙፋኑን ነው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ነበር የተባለው። ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው ከ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በግሉ ነው የሚወዳደረው። ለምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተመረጡትም ከዚችው ከአዲስ አበባ ነው። «እንደ ራሴ» የምትለዋ ቃል ያኔ ለሴቶችም ሆነች። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደስ ይለኛል።

«እጩ»ንም ልጅቷ ታጥናው። ዐጨ ከሚለው ነው የመጣው፣ ግእዙ ሐፀየ ይላል። እጮኛ ከዚያው ቤት ነው። የታጨ ሰው ገና አልተጋባም። ቃል ተገብቶለታል፣ ሰርጉ ግን አልደረሰም። ከእጩ ወደ ተመራጭ ያለውን መንገድ ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር ቃል አላውቅም።

ሆሄ፦
መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልን። እጩና እጮኛን ስነግራት ሳቋ አላቆመም። አሁን 1997 ላይ ደርሰናል። «ታዛቢ» የሚለውን እንዴት ላስረዳት? ተመልካች ነው?

የመርካቶ ልጅ፦
በፍጹም! ተመልካች ያያል፣ ይሄዳል። ታዛቢ ግን ያየውን በልቡ ይይዛል። ሰው «ታዘብኩህ» ካለህ ቅር ብሎታል ማለት ነው። «ትዝብት ነው ትርፉ» እንል የለ? ስለዚህ ለኛ ጆሮ የምርጫ ታዛቢ ሲባል ፈራጅነት አለበት። የውጭዎቹ ለራሳቸው የሚመርጡት ቃል ገለልተኛ ይሆናል፣ አማርኛው ግን ከመጀመሪያው በፈራጅ ዓይን ነው የሚያየው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሌሊት ሰልፍ ያዝን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቴ ቆማለች፣ የጎረቤት ሽማግሌ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ አስደግፈዋል። ወደ ረፋዱ ላይ ካኪ ጃኬት የለበሱ ፈረንጆች መጡና ሰልፉን አይተው ማስታወሻ ያዙ። እናቴ «እነዚህ ደግሞ ምናችንን ነው የሚታዘቡት?» አለች። እኔ «ምርጫውን እንጂ እኛን አይደለም» አልኳት። አላመነችኝም። ነጠላዋን አስተካከለች።

የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች መሪ አና ጎሜዝ ነበረች። ሕዝቡ ስሟን ምን እንዳደረገው ታስታውሳላችሁ? «ሐና ጎበዜ»! አናን ሐና፣ ጎሜዝን ጎበዜ። የቋንቋ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ሰው ባዕድ ስም ሲወድ ወደ ቤቱ አስገብቶ ስም ያወጣለታል። «ጎበዜ» ውስጥ «ጎበዝ» አለ፣ «የኔ» የምትለዋም ጫፉ ላይ ናት።

በዚያ ምርጫ ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫ በሙሉ ወሰደ። መርካቶም እዚያ ውስጥ ናት። ከዚያ በኋላ ከተማው የተከራከረው በአንድ ግሥ ነው፦ እንግባ ወይስ አንግባ? ወዴት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። «ገባ» ያለ ሁሉ ፓርላማ ማለቱ ነበር።

ሆሄ፦
እና መርካቶ ከዚያስ?

የመርካቶ ልጅ፦
ለቤት ሥራው የተሰጠቻት ቦታ መልካም ናት። በግንቦት 2002 ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545 ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ በቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ። ሌላው ከመርካቶ፣ መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ እጩ አቶ ግርማ ሰይፉ። አምስት ዓመት ሙሉ «ብቸኛው የተቃዋሚ የፓርላማ አባል» የሚለው ሐረግ የሳቸው ስም ቅጽል ሆኖ ነበር። በ2007 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ሲይዙ ሐረጉ ከጋዜጣ ጠፋ። በ2013 ደግሞ ብልጽግና በአዲስ አበባ 22ቱን ወሰደ፣ የቀረውን አንድ መቀመጫ ግን የግል ተወዳዳሪ ወሰደው።

«የግል» የምትለውንም ያዛት። የግል መኪና፣ የግል ጉዳይ እንላለን። የግል ተወዳዳሪ ሲባል ግን ለራሱ የሚወዳደር ማለት አይደለም፣ ፓርቲ የሌለው ማለት ነው። ልጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

መምህር (ጡረተኛዋ)፦
«ወንበር»ን ማንም አላነሳም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ የቆሎ ተማሪዎች ዘንድ፣ መምህሩ «ወንበር ዘረጋ» ከተባለ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። በጥንቱ ችሎት ዳኛው ራሱ ወምበር ይባል ነበር። እናም «ወንበር አሸነፈ» ሲባል ለኔ የመቀመጫ ነገር ብቻ አይደለም። ማስተማርና መፍረድ አብረው ይሰሙኛል። ለዚህ ነው ወንበር ይዞ ዝም የሚል እንደራሴ የሚያሳዝነኝ።

ሆሄ፦
«ኮሮጆ»ስ? ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው፣ እኛ ግን ኮሮጆ እንላለን።

የመርካቶ ልጅ፦
ኮሮጆ ከረጢት ነው። ሕጉ «የድምፅ መስጫ ሳጥን» ይላል፣ ሰዉ ግን የያዘውን ቃል አልለቀቀም። የሚገርመኝ «ኮሮጆ ግልበጣ» የሚለው ነው። ድምፅ ሲቆጠርም እኮ ሳጥኑ ይገለበጣል! ታዛቢዎች ባሉበት፣ ባዶነቱ እስኪታይ ድረስ። ያው ድርጊት በሕጉ መሠረት ሲሆን ቆጠራ ነው፣ በስውር ሲሆን ግልበጣ። መንግሥት ግልበጣ ከሚለው ጋር ጎረቤት መሆኑም ክፋቱን አክብዶታል።

ሆሄ፦
የመጨረሻዬ። በ2000 ዓ.ም. «የአካባቢና ማሟያ ምርጫ» ነበር ይላል። ማሟያ ምንድን ነው?

የመርካቶ ልጅ፦
በ1997 ተመርጠው ያልገቡት ሰዎች ወንበር ባዶ ስለነበር፣ ያንን ለመሙላት የተደረገ ምርጫ ነው። የተመረጠ ሰው ቢሞት ወይም ቢለቅም ያው ነው፣ የዚያ ክልል ሕዝብ ብቻ እንደገና ይመርጣል። ቃሉን ግን እኔ የተማርኩት እህል በረንዳ፣ እናቴ ጤፍ ስትሰፍር ነው። ቁናው ጫፍ ድረስ ካልደረሰ እፍኝ ትጨምራለች፣ ያ ማሟያ ነው። ሞልቶ ካበቃ በኋላ ከላይ የምትጥለው ደግሞ ምርቃት ነው። ገዢ ማሟያውን በመብቱ ይጠይቃል፣ ምርቃቱን ግን በልመና። ልጅቷ ሁለቱን እንዳታምታታ።

ሆሄ፦
ጻፈችው። እጩና እጮኛን ደብተሯ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣለች፣ ከሥራቸው ማሟያና ምርቃት። ነገ ደግሞ «ድምፀ ተአቅቦ»ን ይዤ እመጣለሁ። መምህር፣ እርስዎን ነው የምጠብቀው።