የጌም ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ለምን እንደ ሌላው ዲስክ አይከፈትም?

የጣና ዳሩ
ሰላም ጎበዝ። ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ለሚከፈት ጌም ቤት ያገለገሉ ዲስኮች እየተገዙ ነው። ከመክፈሌ በፊት በላፕቶፕ ዲቪዲ ድራይቭ ልፈትሻቸው ብል የፕሌይስቴሽን 2ቱ ፎልደሮቹን ያሳያል፣ የኤክስቦክስ 360ው አጭር ቪዲዮ ብቻ፣ የፕሌይስቴሽን 4ቱ ጭራሽ «ዲስክ አስገባ» ይላል። ሁሉም 12 ሳንቲሜትር ናቸው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሌንስ
የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ብሉሬይ ነው፤ የሚነበበው በ405 ናኖሜትር ሌዘር ነው። የላፕቶፕህ ድራይቭ ያለው ለሲዲ 780፣ ለዲቪዲ 650 ብቻ ነው። ስለዚህ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ዲስክም ብታስገባ ያው ነው፤ በዚህ ተነሥተህ ሻጩን እንዳትጨቀጭቀው። የብሉሬይ ድራይቭ ብታገኝና ፋይሎቹን ቢያሳይህም የተመሰጠሩ ናቸው።

ኤክስቦክስ 360 ዲቪዲ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ የሚያየው ዲስኩን ወደ ኮንሶሉ አስገባ የምትለውን የቪዲዮ ክፍል ብቻ ነው። ጌሙ ያለበትን ክፍል ተራ ድራይቭ አይደርስበትም።

ላፕቶፑ የሚጠቅምህ ለፕሌይስቴሽን 2 ነው። ያለውን ሁሉ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርግ። መሀል ላይ ፍጥነቱ ወድቆ ድራይቩ ማንኳኳት ከጀመረ ወይም ኮፒው ከተቋረጠ ተወው፣ አትግዛ። ሜኑው ከፍቶ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሚደርቅ ዲስክ የሚያዘው በዚህ ነው።

ብረት ምጣድ
ፋይሉ ከታየ ኮፒው ለምን አይጫወትም የሚል መምጣቱ ስለማይቀር፦ በፕሌይስቴሽን 1 ዲስክ ውስጠኛው ክብ ላይ፣ መረጃው ከመጀመሩ በፊት፣ ትራኩ ሆን ተብሎ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው አራት ፊደል ይጽፋል፤ ለአውሮፓ ኤስ-ሲ-ኢ-ኢ፣ ለአሜሪካ ኤስ-ሲ-ኢ-ኤ፣ ለጃፓን ኤስ-ሲ-ኢ-አይ። ኮንሶሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። ባዶ ሲዲ የራሱ ቦይ ተሠርቶለት ስለሚመጣ መጻፊያው ያንን ውዝዋዜ ሊደግመው አይችልም። ምስጢሩ ጥቁሩ ቀለም ነው የሚሉትን አትስማ፤ 780ው ሌዘር ቀለሙን አልፎት ነው የሚያነበው።

ኮምፒውተር ግን ዲስኩን «ማን ነህ» አይልም። የኮምፒውተር ጌም ጥበቃውን በሶፍትዌር ነው የጨመረው፤ ለዚህ ነው በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 የሴፍዲስክን (ዲስኩ ኦሪጅናል መሆኑን የሚፈትሽ የጥበቃ ሶፍትዌር ነው) ድራይቨር ሲተው ብዙ የድሮ ኦሪጅናል ዲስኮች እምቢ ያሉት።

የጊዮርጊስ ሰፈር
ጭረቱን ስታይ ዓይነቱን ለይ። ሲዲ ላይ መረጃው ከሥዕሉ ሥር ነው፤ ሥዕሉ ከተላጠ አለቀ። ዲቪዲ ላይ መሀል ነው፣ 0.6 ሚሊሜትር ከታች፤ ቀላል ጭረት ተወልውሎ ይድናል። ብሉሬይ ላይ ያለው ሽፋን 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ ቅብ ተደርጎለታል። በጥርስ ሳሙና ካሸኸው ቅቡን ነው የምታነሣው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገህ፣ በክብ አይደለም።

ጥፋቱ የዲስኩ ይሁን የኮንሶሉ ለማወቅ፦ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ሥሩ ሰማያዊ የሆነው ዲስክ ሲዲ ነው፣ ብርማው ዲቪዲ። ሰማያዊው እየሠራ ብርማው ሁሉ እምቢ ካለ የዲቪዲው ሌዘር ደክሟል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ደግሞ የዲቪዲ ፊልም አስገባ፤ ፊልሙ እየሠራ የትኛውም ጌም ካልተነበበ የደከመው 405ቱ ነው። ሌዘሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን የሚያዞሩ ሠሪዎች አሉ። ለጊዜው ያነባል፣ ከዚያ ሌዘሩ ቶሎ ይቃጠላል።

የጣና ዳሩ
እግዜር ይስጥልኝ። ፕሌይስቴሽን 4 ጌሙን ሃርድ ዲስክ ላይ ከጫነ አንድ ዲስክ ለአራት ኮንሶል አይበቃም?

ሌንስ
መጫኑን በአንዱ ዲስክ ለአራቱም ትጭናለህ። ማጫወት ስትጀምር ግን እያንዳንዱ ዲስኩን ውስጡ ማየት ይፈልጋል። አራት ኮንሶል አንድ ጌም በአንዴ ካጫወትክ አራት ዲስክ ነው።