የተመለሰው የቆዳ ቀለም በዚያው ቦታ እንደገና የሚጠፋው ለምንድን ነው?

የሐዋሳ መምህር፦

ታናሽ እኅቴ ላይ ለምፅ ከታየ ዓመታት አልፈዋል። በእጆቿ ጀርባና በአፏ ዙሪያ የነበረው ንጣት በብርሃን ሕክምናና በቅባት እጅግ ተሻሽሎ፣ ከሩቅ የማይለይ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ሕክምናው ከተቋረጠ ከወራት በኋላ ግን ንጣቱ በአዲስ ቦታ ሳይሆን በቀድሞው ቦታ፣ የቀድሞውን ጠርዝ ተከትሎ ተመለሰ። ለምፅ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካልን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ሐኪሟ አስረድቷታል። ያልገባኝ ነገር፣ የመከላከያ ሕዋሳት ከደም ጋር መላ ሰውነትን የሚዞሩ ከሆነ፣ ያንኑ ቦታ ለይተው የሚመለሱት በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው። ቆዳው የሚጠቃ ብቻ ነው ወይስ በበሽታው ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው? በሰፈራችን በሽታው በመነካካት ይተላለፋል ብለው እጇን ከመጨበጥ የሚቆጠቡ ሰዎች ስላሉ፣ የምትሰጡኝ ማብራሪያ ለእነርሱም ይጠቅማቸዋል።

ባለ ማይክሮስኮፑ፦

ውድ መምህር፣ ጥያቄዎ ተመራማሪዎችንም ለረጅም ጊዜ ያሳሰበ ነው። ሕዋሳቱ ተመልሰው የመጡ ይመስላል እንጂ ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ ከቦታው አልሄዱም። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ዋና መገኛ ደም ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በአንድ ጤናማ አዋቂ ሰው ቆዳ ውስጥ 20 ቢሊዮን ያህል ቲ ሴሎች እንደሚኖሩ፣ ይህም በደም ከሚዘዋወሩት እጥፍ እንደሚጠጋ ገምቷል። ከእነዚህ መካከል አንድ ጊዜ ከተዋጉበት ቦታ ሳይለቁ ለዓመታት የሚቆዩ፣ ነዋሪ የትውስታ ቲ ሴሎች የሚባሉ አሉ፤ ሌባ ከገባበት ግቢ እንደማይለይ ዘበኛ ማለት ናቸው። በጤናማ ሁኔታ ጠቀሜታቸው ትልቅ ነው፤ ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ በከንፈር ላይ ደግሞ ሲነሣ ፈጥነው የሚገቱት እነርሱ ናቸው።

በለምፅ ጊዜ ግን ትውስታቸው የሚያነጣጥረው የቆዳን ቀለም በሚያመርቱት ሜላኖሳይቶች ላይ ነው። ሲዲ8 የተሰኙት ቲ ሴሎች ሜላኖሳይቱን ሲለዩት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክት አድራሽ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ አብዛኛውን የቆዳ ገጽ የሚገነቡት ኬራቲኖሳይቶች መልእክቱን ሲቀበሉ ደግሞ ሲኤክስሲኤል10 የተባለ ሌላ ፕሮቲን አውጥተው ተጨማሪ ቲ ሴሎችን ከደም ወደዚያው ቦታ ይጠራሉ። ቆዳው የሚጠቃ ብቻ አይደለም የምልዎት ስለዚህ ነው፤ ተጨማሪውን ኃይል የሚጠራው ራሱ ነውና። ከዚህም አልፎ ኬራቲኖሳይቶች ኢንተርሊውኪን 15 በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ነዋሪዎቹን ሕዋሳት በሕይወት ያቆዩአቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የዚህ ፕሮቲን ምልክት በፀረ እንግዳ አካል ሲዘጋ ጥቃቱ እንደሚገታና ቀለሙ እንደሚመለስ አሳይቷል፤ በእኔ አስተያየት ከመስኩ ግኝቶች ሁሉ ተስፋ ሰጪው ይህ ነው።

የእኅትዎ ሕክምና እነዚህን ሕዋሳት ዝም አሰኛቸው እንጂ ሙሉ በሙሉ አላስወገዳቸውም። ጠርዙ ሳይቀር የቀድሞውን የመሰለውም ሕዋሳቱ የሰፈሩት በዚያው ወሰን ውስጥ ስለሆነ ነው። መነካካትን በተመለከተ፣ በሽታውን የሚያመጡት የታማሚዋ የራሷ ሕዋሳት ስለሆኑ ወደ ሌላ ሰው የሚሻገር አንዳች ነገር የለም፤ ጎረቤቶችዎ ያለ ምንም ሥጋት እጇን ሊጨብጡ ይችላሉ።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ በሥራዬ የማየውን ልጨምር። ሕክምናው ከቆመ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት 40 በመቶ በሚሆኑ ታማሚዎች ላይ ንጣቱ እንደሚመለስ በሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ተጠቅሷል፤ ስለዚህ እኅትዎ ያጎደለችው ነገር ያለ መስሏት ልታዝን አይገባም። በዚህ ምክንያት ቀለሙ ከተመለሰ በኋላም ታክሮሊመስ የተባለውን ቅባት በሳምንት 2 ጊዜ እየተቀቡ የመቀጠል ልማድ አለ፤ ይህ ለእርሷ ይስማማት እንደሆነ ሐኪሟን ብትጠይቅ መልካም ነው።

ቀለሙ ሲመለስ በመጀመሪያ በፀጉር ሥሮች ዙሪያ እንደ ነጠብጣብ የሚታየው፣ አዳዲስ ሜላኖሳይቶች የሚመጡት በፀጉር ከረጢት ውስጥ ካሉ ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎች ሕዋሳትን ከሚያስገኙ መነሻ ሕዋሳት፣ ስለሆነ ነው። ፊት ቶሎ ሲሻሻል፣ ፀጉር የሌላቸው የጣት ጫፎችና ከንፈር የሚዘገዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆዳን መፋቅ፣ የጠበቀ ቀበቶና የሰዓት ማሰሪያ በሚነኩት ቦታ አዲስ ንጣት ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ቢቀሩ ይሻላል።

አዳማ ነዋሪ፦

እኔ ሉፐስ የሚባል፣ እንደ ለምፅ ሁሉ የመከላከያ ሥርዓት የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ አለብኝ፤ የቆዳ ድርሻ በእኔ ሕመም ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ይታያል። ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳ ሕዋሳትን ሲገድል ከውስጣቸው የሚወጣው ፍርስራሽ የመከላከያ ሕዋሳትን ቀስቅሶ ኢንተርፌሮን በብዛት ያስመነጫል፤ ይህም በቆዳ ላይ ሳይወሰን መገጣጠሚያንና ኩላሊትን እስከ መንካት ሊደርስ ይችላል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እንደ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ደመናማና ነፋሻማ ቀን እንኳ አያዘናጋም። ስለዚህ በዚሁ ጨረር የሚሰጠውና ለለምፅ የሚረዳው የብርሃን ሕክምና ሉፐስ ላለበት ሰው ጉዳት ሊሆን እንደሚችል አንባቢዎች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

የሐዋሳ መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአዳማዋን እኅታችንን መልእክት ሳነብ ሌላ ሥጋት አደረብኝ፤ በለምፅስ ከቆዳ የተነሣው ጥቃት ወደ ውስጥ አካል ሊያልፍ ይችላል?

ባለ ማይክሮስኮፑ፦

በቆዳው የሰፈሩት ሕዋሳት ሜላኖሳይትን የሚያነጣጥሩ ስለሆኑ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ልብ ይሄዳሉ ብለው አይሥጉ። ነገር ግን ለለምፅ የሚያጋልጠው የዘር ውርስ ለሌሎች መሰል በሽታዎችም በከፊል የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ ለምፅ ባለባቸው ሰዎች የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይታያል፤ ዓይነት 1 የስኳር በሽታም እንዲሁ። የሚገርመኝ፣ በቆዳ ገጽ ውስጥ የሚገኙ ሌላ ዓይነት የመከላከያ ሕዋሳትን እ.ኤ.አ. በ1868 ያገኘው ጳውል ላንገርሃንስ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በዓይነት 1 ስኳር የሚጠቁትን የቆሽት ሕዋሳት ስብስቦች ገለጸ። የቆዳዎቹ ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳት መስለውት ነበር፤ የመከላከያ ሥርዓት አካል መሆናቸው የታወቀው ከ100 ዓመት በኋላ ነው።

የኢንተርፌሮን ጋማን መልእክት በሕዋስ ውስጥ የሚያስተላልፈውን ጃክ የተባለ ኢንዛይም የሚገታ ሩክሶሊቲኒብ የተሰኘ ቅባት እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ከ12 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ላሉ ታማሚዎች ተፈቅዷል። ይህም ቢሆን ሲቆም ንጣቱ ሊመለስ ይችላል። ለአሁኑ እኅትዎ የታይሮይድ የደም ምርመራ ካላደረገች በቀጣዩ ቀጠሮዋ እንዲታዘዝላት ትጠይቅ፤ ድካም፣ ያለ ምክንያት የክብደት ለውጥ ወይም የልብ ምት መፍጠን ከተሰማት ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ሐኪም ጋ ትሂድ።