«እምቦጭ በፌስቡክ አይነቀልም» አሉን

የሽምብጡ ልጅ፦ ትናንት ባሕር ዳር በጣና ጉዳይ ስብሰባ ነበር። አንዱ ተናጋሪ «እምቦጭ በፌስቡክ አይነቀልም፣ የሰው ታሪክ እየለጠፉ ማልቀስ ይብቃ» አሉ። አበሳጩኝ። አረሙ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ሲታይ ስንት ሰው ሰማ? አገር የነቃው በ2010 ነው፤ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ፎቶው ሲዞር። ከኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የኛ ነው) ብለው መጥተው አብረው የነቀሉትም ያኔ ነው።

መርከበኛው፦ ሰውዬው ምን አጠፉ? አይነቀልማ! ዲያስፖራው አዋጣ፣ ማሽን መጣ፣ እምቦጩ ግን ዛሬም አለ። ለጣፊው ሁሉ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ።

የሽምብጡ ልጅ፦ «አይነቀልም» ላይ ሙጭጭ አልክ። በፌስቡክ ይነቀላል ያለ ማን ነው? ነቃዩን የጠራው ማን ነው ነው ጥያቄው።

የጎርጎራዋ፦ ሁለታችሁም ተዉኝ። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። የሆነ ድርጅት መጥቶ የተቀደደ መረቡን አስይዞ ቀረጸው። ስለ ሕገወጡ መረብ፣ ጫጩቱን ዓሣ ሳይቀር ጠራርጎ ስለሚያወጣው፣ ብዙ ተናግሮ ነበር። ያንን ቆርጠው ጣሉና እንባውን ብቻ አስቀሩ። ቪዲዮውን እንኳ ያሳየው ጎረቤት ነው።

መርከበኛው፦ ይኸው እኮ! እኔስ ምን አልኩ?

የጎርጎራዋ፦ «ይኸው» አትበለኝ ወንድሜ። መለጠፉ ይቅር አላልኩም። ታሪኩ የራሱ ነው፣ ራሱ ይናገረው፣ ሳይቆረጥ።

የወረታው፦ ነቅሎ ዳር ላይ መከመሩንስ ለምን አታነሱም? ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ውሃ ሲመለስ እንደገና ይበቅላል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ቪዲዮ አላየሁም፣ ሁሉም የሚያስለቅስ ነው።

የሽምብጡ ልጅ፦ መጀመሪያ ልቡ ያልተነካ ሰው ስለ ዘር ቁጭ ብሎ ይሰማሃል?

የወረታው፦ የፎገራ ገበሬ ይሰማኛል። ማሳው ሐይቁ ዳር ነው፣ እንባ አያስፈልገውም።

የጎርጎራዋ፦ ከከተማ ወደ ሐይቁ የሚለቀቀው ፍሳሽስ? እምቦጩን የሚያፋፋው እሱም ነው። ስብሰባው ላይ ተነሳ?

የሽምብጡ ልጅ፦ እኔ እስከነበርኩበት ድረስ አልሰማሁም።

የጎርጎራዋ፦ እንግዲያው አባቴን እኔው እቀርጸዋለሁ። ስለ መረቡም ስለ ፍሳሹም የሚለውን ሙሉውን እለጥፋለሁ። «ይብቃ» የሚል ለእሱ ይንገረው።

መርከበኛው፦ ለጥፊው እህቴ፣ አያለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ማን ውሃ ውስጥ ይገባል? ይህን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።