ክርክር፦ በሰው አገር ያፈራነውን ቁጠባ የት እናስቀምጥ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ውጭ አገር የሚሠራ ሰው ከወጪው የተረፈውን እዚያው ያስቀምጥ ወይስ ወደ አገሩ ይላክ? ስድብ አይፈቀድም። ምክንያት ይዛችሁ ግቡ።

ነርሷ፦ እኔ ይላክ ባይ ነኝ። እጅ ላይ ያለ ገንዘብ ይበተናል። ደሞዝ እንደገባ የቁጠባውን ድርሻ እልካለሁ፤ ወሩን በቀረው እገፋለሁ። «ሲተርፈኝ እቆጥባለሁ» ያለ ሰው ሲተርፈው አላየሁም።

ሾፌሩ፦ አስቀድሞ መቆጠቡ ልክ ነው እህቴ። ግን ለመቆጠብ የግድ መላክ አለብሽ እንዴ? ደሞዝ ሲገባ በራሱ ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲዛወር ባንኩን ማዘዝ ይቻላል። ለዚያ ሂሳብ ካርድ አታውጪ፣ በቃ። ሥራ ድንገት ቢቆምስ? ብትታመሚስ? አገር ቤት ያለ ገንዘብ የዚህን ወር ኪራይ አያድንሽም።

ሂሳብ ሠራተኛው፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ የመላኪያ ወጪ። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ባጸደቃቸው የልማት ግቦች ይህ ወጪ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይላል። በዓለም ባንክ ክትትል ግን 200 ዶላር ለመላክ አማካዩ አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ነው። «ያለ ክፍያ እንልካለን» በሚል ማስታወቂያም አትሸወዱ። ብዙውን ጊዜ ክፍያውን የሚያካክሱት ምንዛሪው ላይ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ያህል ብልክ ተቀባዩ እጅ ስንት ይገባል? በዚያው ሰዓት ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁና አወዳድሩ። ክፍያው ቋሚ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መላክ ኪሳራ ነው። ሰብሰብ አድርጎ መላክ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ለሚላክ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከባንክ ሂሳባችሁ ከላካችሁ አይነካችሁም።

አንጋፋው፦ እኔን የሚያሳስበኝ የምንዛሪው መውደቅ ነው። ግብፅ መጋቢት 2024 ፓውንዷን ለገበያ ስትለቅ፣ 31 ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 50 አካባቢ ደረሰ። ለዓመታት እየላከ በፓውንድ ያስቀመጠ ሰው ምን ይበል?

ነርሷ፦ አባባ፣ ላኪ ሁሉ እኮ ገንዘቡን ባንክ አያስተኛም። ቤት የሚሠራ አለ። ዕቃው በየጊዜው ሲወደድ ጠብቅ ብንለው እሱም ይከስራል።

አንጋፋው፦ ለተጀመረ ሥራ ከሆነ አልከራከርሽም። ለመውጣት የተበደረም ሰው፣ በተለይ ወለዱ ከባድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ዕዳውን ይዝጋ። ዝም ብሎ የሚቀመጠው ግን ጠንካራው ገንዘብ ላይ ይቆይ።

ሾፌሩ፦ ሌላም አለ። ድጋፍና ቁጠባ ተቀላቅለውብናል። ለቤተሰብ የምንልከው ድጋፍ ነው፤ ደስ ብሎን እንላክ፣ ልኩን ግን ቀድመን እንወስን። በዘመድ ስም የተቀመጠውን ግን ቁጠባዬ አትበሉ። ባንኩ የሚያውቀው የሂሳቡን ባለቤት ነው። ዘመዱ ክፉ ባይሆን እንኳ ችግር ሲገጥመው ያወጣዋል። እኔ ብሆንም አወጣዋለሁ!

ሂሳብ ሠራተኛው፦ እዚህ ላይ ከሾፌሩ ጋር ነኝ።

ነርሷ፦ እሺ፣ የሦስት ወር ኪራይና ቀለብ የሚሸፍን እዚህ ላስቀምጥ። ከዚያ በላይ ያለውን እልካለሁ። ከዚህ ወዲያ አልለቅም።

ሾፌሩ፦ በማን ስም?

ነርሷ፦ በራሴ!