ሴስና 172 ሲሙሌተር ላይ ከቀይ መስመሩ ሲያልፍ ለምን ምንም አይሆንም?

ዳመና_ቀዛፊ
ሰላም ወገን። ኮምፒውተሬ ላይ ባለው የበረራ ሲሙሌተር ትንሿን አውሮፕላን ሴስናን አፍንጫዋን ደፍቼ ከቀይ መስመሩ፣ ማለትም ፈጽሞ መታለፍ ከሌለበት የፍጥነት ገደብ፣ ከ163 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) አሳለፍኳት፣ 180 ደረሰች፣ መንቀጥቀጥ እንኳ የለም። ጓደኛዬ ጋ ግን ስክሪኑ ድንገት ይጠቁርና በረራው ያልቃል። የቱ ነው ትክክል?

ነፋስ_ለኪ
ሁለቱም አይደሉም። መጀመሪያ ሴቲንግህን እይ፣ የጉዳት ምርጫው ጠፍቶ ይሆናል። ኤክስ-ፕሌን የሚባለው ሲሙሌተርም ፍጥነት ሲያልፍ ክንፍ ይገንጠል ወይስ አይገንጠል የሚል ምርጫ አለው። ኤክስ-ፕሌን አየሩ በእያንዳንዱ የክንፍ ክፍል ላይ የሚያሳድረውን ኃይል ለየብቻ ያሰላል፣ ለአበራረር ስሜት ይሄ ግሩም ነው። ስብራቱ ግን አስቀድሞ የተሞላ የገደብ ቁጥር ሲታለፍ የሚመጣ ነገር ነው።

ብሎን_አጥባቂ
163 እኮ ክንፍ የሚሰበርበት ቁጥር አይደለም። ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ቀዩ መስመር የሚሰመረው በዲዛይንና በሙከራ ከተረጋገጠው የቁልቁል በረራ ፍጥነት ቢበዛ 90 በመቶው ላይ ነው። የቀረው ለድንገተኛ ነፋስ፣ ለተዛባ የፍጥነት ጌጅ (መለኪያ)፣ ላረጀ አካል የተተወ ነው እንጂ የአብራሪው አይደለም። ከዚያ በላይ በጣም የሚፈራው ፍላተር ነው፤ ክንፉ ወይም ጭራው ከአየሩ ጉልበት እየወሰደ ራሱን በራሱ ማርገብገብ ይጀምራል፣ በሰከንዶች ውስጥም ሊገነጠል ይችላል። ማጠፊያው የላላ አሮጌ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ቀድሞ ይመጣል። ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለችው ሴስና ግን ሁሌም አዲስ ናት።

በ1985 የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ፓሲፊክ ላይ ከ41,000 ጫማ ተምዘግዝጎ ከፍጥነት ገደቡ አለፈ፣ የጭራው ክፍሎች ተገነጠሉ፣ ግን ሳን ፍራንሲስኮ በሰላም አረፈ። በ2001 ኒውዮርክ ላይ የአሜሪካን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300 ፍጥነቱ ከገደቡ በታች ነበር። ረዳት አብራሪው ረደሩን (ቋሚ ጭራው ላይ ያለውን መሪ) ግራና ቀኝ ሲያመላልሰው ቋሚ ጭራው ተገንጥሎ 265 ሰው አለቀ። የጓደኛህ ሲሙሌተር የመጀመሪያውን ይገድለዋል፣ ሁለተኛውን ምንም አይለውም።

ተማሪ_አብራሪ
እኔን የሚያሳስበኝ ልማዱ ነው። 172ኤስ በሚባለው የሴስናዋ ሞዴል ላይ ሙሉ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ከ85 ኖት በላይ አይወርድም፣ 10 ዲግሪው ከ110 በላይ አይወርድም። ቤት ውስጥ በ120 አውርደህ ምንም ካልሆነ እጅህ ያንኑ ይለምዳል። የፍጥነት ጌጁ ላይ ከ129 የሚጀምረው ቢጫ ክልልም ለረጋ አየር ብቻ ነው፣ ሲሙሌተሩ ግን በሚያናውጥ አየር ውስጥ ብትቆይበትም አይቆጣህም። ስለዚህ ገደቦቹን ወረቀት ላይ ጻፍና ስክሪንህ ጎን ለጥፍ። ካለፍክ በረራውን እዚያው አቁመህ እንደገና ጀምር።

ዳመና_ቀዛፊ
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። አሮጌ አካልንና ፍላተርን በደንብ አስመስሎ የሚያሳይ ተጨማሪ የሲሙሌተር ሞዴል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ለሱ ገንዘብ ባወጣ አይቆጨኝም።